የጭረቱን ግርጌ እዩ፦ የተቀረጸ ኮልት ቅጂ ስለመግዛት በጎጃም ልጆች መድረክ የተነሣ ክር

ክሩን፣ ማለት በኢንተርኔት መድረኩ ላይ የተያያዘውን ውይይት፣ የከፈተው አሜሪካ የሚኖር የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ሊገዛ ያሰበው የ1851ዱን የአሜሪካ ሽጉጥ፣ የኮልት ኔቪን ቅጂ ነው። ባሩዱንና እርሳሱን ከፊት ይጎርሳል፣ ከኋላ የሚያቀጣጥል ካፕሱል ይለበስለታል፤ ካሊበሩ 36፣ አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ርዝመቱ 7 ኢንች ተኩል፣ ሠሪው የጣሊያኑ ኡቤርቲ። ገላው፣ አፈሙዙና መምቻው በጥምዝምዝ ቅጠል ተሸፍኗል፤ የእጀታው ናስ ብር ተለብጧል፤ ሳጥን አለው፣ ወረቀት የለውም። ሻጩ በ1970ዎቹ ፋብሪካው ውስጥ በእጅ የተቀረጸ ነው ብሎ ቅርጽ አልባው ከሚያወጣው ሦስት እጥፍ ጠይቆበታል። ጠያቂው ሻጩን ወደ ማመን አዘንብሎ ነበር። ማስረጃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው የባሕር ጦርነት ሥዕል ነው፤ ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ማሽን አይሠራውም ባይ ነው። ከታች ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ጣል አደረገ፦ ጎጃም ውስጥ መስቀል የሚቀርጽ አንጥረኛ፣ ቅርጽ አልባ ሪቮልቨር ቢሰጠው በብራና መጻሕፍት ሐረግ ሊያስጌጠው ይችላል ወይ?

ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ እንዲያ ስለጻፉት አልነካሁትም።

1ኛው መልስ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀምሮ ፎቶዎቹ እንደማያገለግሉ በትሕትና ነገረው። በፍላሽ የተነሣ ፎቶ የጭረቱን ጥልቀት ያጠፋል። መብራቱን ከብረቱ ጋር ሊተኛ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጎ ከጎን ማብራት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከስልኩ ካሜራ ፊት መያዝ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ ማንሣት፦ አንድ ጭረት የሚያልቅበትን ጫፍ፣ የጭረቱን ግርጌ፣ ሐረጉ ብሎን የሚያቋርጥበትን ቦታ። ክሩ በኋላ የዞረው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ስለሆነ ይህ መልስ ከተመሰገነው በላይ ሊመሰገን ይገባዋል።

2ኛው የዳንግላው ነው፤ የሲሊንደሩን ሥዕል ከማስረጃነት አወጣው። ሥዕሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት ጠንካራ ብረት በሚሽከረከረው ሲሊንደር ላይ በኃይል ሲጫን የሚታተም ነው። የመጀመሪያውን ለኮልት የቀረጸው ዋተርማን ኦርምስቢ ነው፤ የሚያሳየውም የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች ካምፔቼ አጠገብ ያደረጉትን ውጊያ ነው፤ 16 ሜይ 1843 የሚለው ቀንም እዚያው ታትሟል። ይህ ሥዕል በጥንቱም በቅጂውም ኔቪ፣ አርሚ በሚባለው የ1860 የኮልት ሽጉጥ ጭምር ያለ ነው። ዎከርና ድራጉን በሚባሉት የኮልት ሽጉጦች ላይ ፈረሰኞች ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ጋር ሲዋጉ ይታያሉ፤ በ1849ኙ የኪስ ሽጉጥ ላይ ደግሞ የሠረገላ ዝርፊያ አለ። ስለዚህ ሥዕሉ መኖሩ የቀራጭ እጅ ስለመኖሩ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ሥዕሉ ጥልቀት ስለሌለው ሽጉጡ በሞላ ሲወለወል ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። የመርከቦቹ ምሰሶ ደብዝዞ የገላው ሐረግ ግን ትኩስ ሆኖ ከታየ፣ ብረቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ተወልውሎ እንደገና የተቀረጸ ነው።

3ኛውን መልስ የጻፉት የሞጣ አንጥረኛ ናቸው፤ ረጅም ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። እጅ የቆረጠው ጭረት ግርጌው የቪ ቅርጽ አለው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ያበራሉ፣ ምክንያቱም የተሳለ መቅረጫ ብረቱን ቆርጦ ያነሣዋል እንጂ አይፍቀውም፣ አያቃጥለውም። ቀራጩ መቅረጫውን ወደ ጎን ባጋደለ ቁጥር ጭረቱ ይሰፋል፣ ባቀናው ቁጥር ይቀጥናል፤ ስለዚህ አንዱ ጥምዝ ውስጥ ብቻ ከፀጉር ቅጥነት እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚለዋወጥ ስፋት ይታያል። ጫፉ ላይ ጭረቱ እየሾለ ይጠፋል እንጂ ድንገት አይቆምም። ቅጠሎቹ መካከል ያለው ሜዳ በትንንሽ ነጥብ የተወጋ ከሆነ ነጥቦቹን በአይን መቁጠር ይጠቅማል፦ በእጅ የተመታ ነጥብ ርቀቱም ጥልቀቱም ይለያያል፣ አልፎ አልፎም ሁለቱ ይደራረባሉ። ከዚያ የሁለቱን ጎኖች ሐረግ ማስተያየት ነው። ግራና ቀኙ በመስታወት እንደታየ ፍጹም አንድ ከሆነ እጅ አልነካውም፤ ጎበዝ ቀራጭም ሁለቱን ጎን ተቀራራቢ ያደርጋል እንጂ አንድ አያደርግም።

4ኛው፣ የቡሬው፣ አንጥረኛውን አያ ብሎ አክብሮ ጀመረና የማሽኑን ወገን ሞላ። ሌዘር የሠራው ጭረት ግርጌው ጠፍጣፋ ነው፤ በመነጽር ሲታይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን የጉዞ መስመሮች ወይም ጠጠር ጠጠር ያለ ጥቁር ወለል አለው፣ ጠርዙ ላይም የቀለጠ ብረት ስስ ከንፈር ሠርቷል። በአሲድ የተበላው ግርጌው ጠፍጣፋም ሻካራም ነው፤ አሲዱ ከሥር ወደ ጎን ስለሚበላ ጠርዙ ይቦረቦራል። ተጭኖ የታተመው ደግሞ የተገፋ ብረት በሁለት ወገን ያብጥበታል። አስቸጋሪው ቅይጡ ነው፦ ማሽን ንድፉን ያወጣና ሠራተኛ ዋና ዋናዎቹን መስመሮች በመቅረጫ ያደምቃቸዋል። ይህ በእጅ የተጠናቀቀ ተብሎ ሲሸጥ ሐሰት አይደለም፤ በእጅ የተቀረጸ ተብሎ ሲሸጥ ግን ሐሰት ነው። መለያው ጥላ የሚሰጡትን ቀጫጭን መስመሮች ማየት ነው፤ ሠራተኛው ጊዜ ስለማይበቃው እነሱን አይነካቸውም፣ ስለዚህ ጠፍጣፋ ግርጌያቸው ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ጠያቂው አዲስ ፎቶ ለጠፈ፤ ነገር ግን የቅርጹን ሳይሆን የፋብሪካውን ማኅተሞች ነበር ያነሣው።

5ኛው መልስ የፍኖተ ሰላሙ ነው፤ ማኅተሙን አነበበለት። ጣሊያን ውስጥ የተፈተሸ መሣሪያ ሁሉ የፍተሻ ዓመቱ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተመትቶበታል። እስከ 1974 ድረስ በሮማውያን ቁጥር ነው፦ 20 ቁጥር 1964፣ 30 ቁጥር 1974 ነው። ከ1975 ጀምሮ ሁለት ፊደል ሆነ፤ ኤኤ 1975፣ ኤቢ 1976 እያለ ይሄዳል፤ አንዳንድ ፊደል ስለሚዘለል ግን በጣት መቁጠር ያሳስታል፣ ሰንጠረዡን ማየት ይሻላል። ከኮከብ ሥር ያለው ፒኤን በጥቁር ባሩድ መፈተሹን ያሳያል። በፎቶው ላይ የሚታየው ቢኤል ነው፤ ቢኤል 1998 ነው። የ1970ዎቹ ወሬ እዚያ ላይ አበቃ። ሻጩ ኮልት ራሱ ከ1971 እስከ 1982 ካወጣቸው ቅጂዎች ጋር አምታቶት ይሆናል ብሎ አስቦለት ነበር፤ እነዚያ ግን አፈሙዛቸው ላይ ያለው የኮልት እንጂ የኡቤርቲ ስም አይደለም።

6ኛው መልስ የክሩን ሰላም አደፈረሰው። ጸሐፊው ከቢቸና ነው፤ ሻጩ በዓመቱ ከዋሸ በቅርጹም ዋሽቷል፣ ነገሩ አልቋል፣ ሦስትና አራት ቁጥር ያን ሁሉ መጻፋቸው ጊዜ ማባከን ነው አለ። ጠያቂውንም ማኅተም ማንበብ የማይችል ሰው ገንዘቡን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ብሎ ወረፈው።

7ኛው፣ የዳንግላው ተመልሶ፣ መልሱን በጠንካራ ቃል ሰጠ፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ማኅተሙ የሚናገረው ብረቱ የተፈተሸበትን ዓመት ነው፤ የተቀረጸበትን አይደለም። በ1998 የተፈተሸ ሽጉጥ ከአሥር ዓመት በኋላ ጎበዝ ቀራጭ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ታሪኩ ውሸት ሆኖ ሥራው እውነት ነው። ሐረጉ ማኅተሙን ከቦ ማለፉም ፋብሪካ ወይም ግለሰብ አይለይም፣ ማኅተሙ ቀድሞ ስለሚመታ ሁለቱም ከበውት ያልፋሉ። የሚለየው ቀለሙ ነው። በፋብሪካ ገና ነጭ ብረት ሳለ ከተቀረጸ፣ በኋላ የሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም የጭረቱ ግርጌ ድረስ እኩል ይወርዳል። ቀለም ከተሰጠው በኋላ ከተቀረጸ ግርጌው ነጭ ይሆናል፤ ያንን ለመደበቅ በእጅ የሚቀባ ማጥቆሪያ ከተጠቀሙበት ግራጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠንከር ብሎ ሲታሽም ይለቃል። ሦስተኛው ዕድል ቀለሙ በሙሉ ተነሥቶ፣ ተቀርጾ፣ እንደገና መቀባቱ ነው፤ ያን የሚያጋልጡት የማኅተሞቹ ጠርዝ መደብዘዝና የብሎን ቀዳዳዎቹ አፍ ተሰርጉዶ ሣህን መምሰል ናቸው።

8ኛው የባሕር ዳሩ ነው፤ ጠቡን አልፎ ስለ ብሎን ጻፈ፤ ከክሩ ሁሉ ለጀማሪ ቶሎ የሚያገለግለው ይህ ይመስለኛል። በእጅ ሲቀረጽ ብሎኖቹ እቦታቸው ጠብቀው ገብተው ነው። መቅረጫው ከገላው ተነሥቶ የብሎኑን ራስ ተሻግሮ ማዶ ይወጣል፤ አንዱ ቅጠል ግማሹ ገላ ላይ፣ ግማሹ ብሎን ላይ ያርፋል። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ የቅጠሉ ሁለት ግማሾች ይገጥማሉ። በማሽን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ለብቻው ኮከብ ወይም አበባ ተደርጎበት ይመጣል፣ ወይም ባዶውን ይቀራል። ቅጠሉ ተሻግሮ ነገር ግን ሳይገጥም ከቀረ ብሎኑ ተቀይሯል ወይም በማይመጥን ካቻቢቴ ተፈትቶ ተበላሽቷል። ተራ ካቻቢቴ ጫፉ እየሾለ ስለሚሄድ የብሎኑን ቀዳዳ ላይኛውን ጠርዝ ብቻ ይዞ ይሸርፈዋል፤ ጫፉ ግራና ቀኙ እኩል ተሞርዶ ቀዳዳውን ወርዱንም ጥልቀቱንም የሚሞላ መሆን አለበት።

9ኛው ላይ የሞጣው አንጥረኛ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ገቡ። አንጥረኛ እጅ አለው፣ ብረቱ ግን ብር አይደለም አሉ። ለብር 45 ዲግሪ የተሳለ መቅረጫ ብረት ላይ ጫፉ ይሰበራል፤ ለብረት 50 እና ከዚያ በላይ ማደንደን፣ ሥሩንም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አንሥቶ መሳል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መቅረጫው ወይ ይሰምጣል ወይ ተንሸራቶ ይወጣና መሃል ሜዳው ላይ ጭረት ይጥላል። የኔቪ ገላ ደግሞ ላዩ የተጠነከረ ነው፣ ያ ሰማያዊና ቡናማ ደመና የሚመስለው ቀለም ከዚያ የመጣ ነው። ከእጀታው እንጨት ሥር በማይታይ ቦታ ሞረድ አስነክቶ መሞከር ነው፦ ሞረዱ ከያዘ ይቀረጻል፣ ከተንሸራተተ አይቀረጽም። የሚንሸራተተውን ቀይ እስኪሆን አግሎ፣ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ቀለሙ ይጠፋል፣ ተቀርጾ ሲያልቅም እንደገና ማጠንከር ይጠይቃል፣ ገላውም ሊጣመም ይችላል። ከተጣመመ አፈሙዙ ከሲሊንደሩ ጋር ቀጥ ብሎ አይገጥምም። ስለዚህ ሐረግ የሚፈልግ ሰው አፈሙዙንና የእጀታውን ናስ ያስቀርጽ፣ ገላውን ይተወው የሚል ነው ምክራቸው።

ስለ ሐረጉ ራሱ የጻፉት ግን የተለየ ነው። የአሜሪካኑ ቅርጽ፣ ከ1852 እስከ 1869 ለኮልት የቀረጸው ጉስታቭ ያንግም ሆነ ኒው ዮርክ የነበረው ቀራጭ ኒምሽከ የሠሩት፣ ከአንድ ግንድ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቅጠል ነው፤ ትንሽ ቢስት ቅጠሉ ውስጥ ይደበቃል። የእኛ ሐረግ፣ በዲማም በደብረ ወርቅም ብራናዎች ራስጌ የሚገኘው ዓይነት፣ እርስ በርሱ ከላይና ከታች የሚተላለፍ ጥልፍልፍ ነው። የመስመሮቹ ርቀት ከአንድ ቦታ ከሳተ ስሕተቱ እስከ ዳር ይሄዳል። የኔቪ አፈሙዝ አንዱ ጎን ወርዱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ገመድ ይገባል፤ ሦስት ገመድ ከሆነ በመካከላቸው የሚቀረው ብረት ከመቅረጫው ጫፍ ይቀጥንና ይሸረፋል። መጀመሪያ በዚያው ወርድ በተቆረጠ ለስላሳ ላሜራ ላይ መለማመድ፣ ነጭ ቀለም በስሱ ቀብቶ በሹል እርሳስ መንደፍ፣ ማዕዘኑን በኮምፓስ መክፈል፣ ከላይ የሚያልፈውን ገመድ ሁሉ ጨርሶ ከታች የሚያልፈውን ወደ እሱ አስጠግቶ ማቆም። የሚተላለፍበት ቦታ ላይ አንዲት ጭረት ከተሻገረች ጥልፉ ይሞታል።

10ኛው የቡሬው ሲሆን ከመቀረጹ በፊት ያለውን ውልወላ ጨመረ፦ ሰማያዊው ቀለም በአቼቶ ይነሣል፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን በቀጥ ያለ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በቁጥር 220፣ 320፣ 400 እያሉ በአንድ አቅጣጫ መሳብ ነው። በጣት ተይዞ የታሸ ስምንት ማዕዘን ክብ ይሆናል፤ በሞላ ከተነካ ደግሞ የአፈሙዙ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።

ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ ስለ ውጅግራና ስለ ለበን አነሣ፤ ሁለቱም ቀለህ ጎራሽ የፈረንሳይ ጠመንጃዎች ስለሆኑ፣ አንዱ የ1874 ሌላው የ1886፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኙም፤ ቀጣዩ መልስ ይህንኑ በአጭሩ ነገረው። ሌላው ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችውንና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበትን ሽጉጥ አነሣ፤ በብር ሰሌዳው ላይ ለእንግሊዙ ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ጽሑፍ ነበረበት። ከዚህ ጠቃሚ ነገር ወጣ፦ የስጦታ ጽሑፍ ያለበት ሽጉጥ ሲቀርብ የፊደሎቹ ጠርዝ ከብሩ ልባጥ እኩል ያረጀ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ብሩ ተፍቆ ናሱ ብቅ ያለበት ቦታ ላይ ፊደሉ ስለታም ከሆነ ጽሑፉ ትናንት የገባ ነው።

14ኛው ስለ ክረምት እርጥበት ነው። ቅቤ መቀባት የሚመክሩትን በጥብቅ ተቃወመ፤ ቅቤ ሲበላሽ የሚያወጣው አሲድ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ቅርጹ ውስጥ የገባውም በጨርቅ አይወጣም። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኝ ይደርቃል፤ ጭረቶቹን ይሞላና ቢጫ ሙጫ ይሆናል። የማሽን ዘይት በስሱ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ በንጹሕ ጥጥ ማንሣት በቂ ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማኖርም አይገባም፤ ቆዳው እርጥበትና የማልፊያ አሲድ ይይዛል፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከጭረቱ ግርጌ ነው።

15ኛው በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም መነሻው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም ወደ አገር ማስገባትም ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ጠያቂው ሽጉጡን ወደ ሞጣ ልልክ የሚል ሐሳብ ካለው አሁኑኑ ይተወው አለ። የአሜሪካ የ1968 ሕግ ቀለህ የማይጎርስ ቅጂን እንደ ተራ ጠመንጃ አለመቁጠሩ እዚህ ምንም አይፈይድለትም። አንጥረኛውም በ16ኛው ተስማሙ፤ በ7 ሚሊ ሜትር ወርድ የተቀረጸ የላሜራ ናሙና መላክ ይቻላል፣ ልኬቱንም ከንድፉ ጋር ለዚያ ለሚኖር ፈቃድ ያለው ቀራጭ መስጠት ይቻላል አሉ። ይህ ከሁሉም የተሻለ መፍትሔ ነው፤ ሐረጉን የሚያውቅ እጅ ንድፉን ያወጣል፣ ብረቱን የሚያውቅ እጅ ይቆርጠዋል።

17ኛው ላይ ጠያቂው የተባለውን ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ወፍራሞቹ ጭረቶች ግርጌያቸው የቪ ቅርጽ ሆኖ ያበራል። ጥላ የሚሰጡት ቀጫጭኖቹ ግን ጠፍጣፋና ጥቁር ናቸው፣ የተሰለፉት የጉዞ መስመሮችም ይታያሉ። የግራው ሐረግ የቀኙ ግልባጭ ነው፤ ሁለቱም ጎን ሦስተኛው ቅጠል እኩል ቦታ ላይ ያበቃል። ብሎኖቹ ለየብቻ አበባ አላቸው። ቀለሙ ግርጌ ድረስ ወርዷል፣ የመርከቦቹ ምሰሶም ጥርት ብሎ ይታያል። የቡሬው በ4ኛው የጻፈው ቅይጥ ማለት ይህ ነው፦ የፋብሪካ ሥራ፣ በ1998 ወይም ብዙም ሳይርቅ የወጣ፣ በማሽን ተነድፎ በእጅ የደመቀ። የሚያሳፍር ዕቃ አይደለም፤ ግን በእጅ ለተቀረጸ የሚከፈለውን አያወጣም። የቢቸናው በ18ኛው መጥቶ ቀድሜ ብዬ ነበር አለ፤ ቀድሞ ያለው ግን በሌላ ምክንያት ነበርና የዳንግላው ይህንኑ ጠቅሶ ዘጋው።

19ኛው፣ የመጨረሻው፣ የባሕር ዳሩ ነው፤ ከመክፈሉ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮችን ነገረው። አንደኛው አፈሙዙን የሚይዘው ሽብልቅ ነው። በብዙ የኡቤርቲ ቅጂ ላይ ሲሊንደሩ የሚዞርበት መሃለኛው ዘንግ አጭር ሆኖ የአፈሙዙን ጉድጓድ ወለል አይነካም፤ ሽብልቁ በኃይል ሲመታ አፈሙዙ ወደ ኋላ ይሳብና ሲሊንደሩን ይፈጋዋል። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፤ ሽብልቁም በእንጨት ወይም በናስ መዶሻ እንጂ በብረት አይመታ። ሁለተኛው በሲሊንደሩ ላይ ዞሮ የሚሄድ የጭረት ቀለበት መኖሩን ማየት ነው። ያ ቀለበት የሚመጣው መምቻውን ግማሽ ስቦ መልሶ በመልቀቅ፣ ከዚያም ሲሊንደሩን በእጅ በማዞር ነው፤ ሲሊንደሩን ቆልፎ የሚይዘው ማሰሪያ ከቦታው ውጪ ያርፍና ሲሊንደሩን ይቧጥጣል። መምቻውን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ስቦ ብቻ፣ በአውራ ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ቀለበቱ ካለ፣ ሻጩ ፈጽሞ አልተነካም ብሎ የሚጠይቀውን ዋጋ ለማውረድ ያ ብቻውን ይበቃል።